የቀዩ ቁምጣ ላስቲክ

ኅዳር 4 ቀን

ለልጄ ለፌንጣዬ፤

ሰላምታዬ ከወሬኛ ሁሉ ቀድሞ ካለህበት ይግባ። ለእኔ አታስብ። እኔም የስፌት መኪናዬም አለን፤ እሷ ዘይት፣ እኔ እንቅልፍ ካነሰን በቀር ምንም አልሆንን።

የሆነውን የነገረኝ ጎረቤቴ ፎቶ አንሺው ነው። ከሬዲዮ ሰምቶ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ያኔውኑ ገባኝ። «በስንተኛው ዙር?» አልኩት። «በአራተኛው፣ በዝረራ» አለኝ። «ወደቀ ወይስ ጣሉት?» ብለው፣ «ያው ነው እኮ እትዬ» አለ። ያው አይደለም! እናትህ ካረፈች ጀምሮ ያሳደግኩህ እኔ አክስትህ ነኝ፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። አንተ ከአጥር ላይ ስትዘል ኖረህ አንድ ቀን እንኳ በጎንህ አርፈህ አታውቅም። ፌንጣ ያልኩህም ለዚያ ነው።

የሰውን ነገር ታውቀው የለ፣ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አስራ ዘጠኝ ጊዜ ስታሸንፍ «የእኛ ልጅ» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ዛሬ «ድሮም እግር እንጂ እጅ አልነበረውም» ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ፎቶህን ከመስታወቱ ላይ አወረደው። ሄጄ መልሼ ለጠፍኩት። «አንተ ፀጉር ቁረጥ፤ ፎቶ አውርድ ብሎ ማን ቀጠረህ?» አልኩት። ደንበኞቹ ሳቁበት። ደግ አደረጉ።

አሁን እውነቱን ንገረኝ። ራስህን ያምሃል ወይ? እህል ይገባልሃል? ደግሞ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ያንን ቀይ ቁምጣ የሰፋሁልህ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በተደራረበብኝ ሳምንት ነው። ላስቲኩን ያስገባሁት እየሮጥኩ ነው። ለመሆኑ ልክህ ነበር? እንደ መጀመሪያው ጊዜ ኪስ እንኳ አልሠራሁበትም። ያኔ ዳኛው «ኪስ ይዞ ቡጢ የለም፤ ጣት ይገባበታል» ብሎ መልሶህ፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ በምላጭ እንደተረተርከው የጻፍክልኝ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ቶሎ ጻፍልኝ። ሁለት መስመርም ትሁን፣ ደህና መሆንህን ብቻ።

እቴቴ

*

ታኅሣሥ 2 ቀን

ለውዷ እቴቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የእኔም ሰላምታ እንደ ባለቤቱ ተቅበዝባዥ ነውና መንገድ ላይ ካልጠፋ ይደርስሻል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ ደህና ነኝ ማለቴ ነው።

መቀመጥ ግን አቃተኝ። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ናት፤ ከታች ማሽኑ ሲዞር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬው እንቀጠቀጣለሁ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩት እኔና ወለሉ ብቻ እናውቃለን። በሩ ጠባብ ስለሆነ ስገባ ስወጣ ግራ ትከሻዬን ይመታኛል፤ ሰንበር አውጥቷል። ከመጋዘን ሥራ ስወጣ እግሬ ብቻውን ወደ ጂም ይወስደኛል። ሽማግሌው አሰልጣኜ ግን «ሠላሳ ቀን ጓንት አትነካም» ብሎ ከልክሎኛል። ውጭ ቆሜ ሌሎቹ ከረጢቱን ሲደበድቡ አዳምጣለሁ። አንዱም በደንብ አይመታም።

ስለ ቁምጣው ጠይቀሽኛል። ባትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከጠየቅሽ ግን አልደብቅሽም። ላስቲኩ ላልቶ ነበር። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ መንሸራተት አመጣ። በአራተኛው ወደ ላይ ልስበው ግራ እጄን ዝቅ ሳደርግ ሰውየው አገኘኝ። ሌላ ነገር የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትይኝ የነበርሽው አንቺው አይደለሽ? በይ አትዘኚ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው።

ዋናው ነገር ምን መሰለሽ፣ ያሸነፈኝ ሰውየው አይደለም ማለት ነው! ስለዚህ መመለስ እችላለሁ። ግጥሚያ የሚያዘጋጀው ሰውዬ አለ፤ በሙቀት እንኳ ሻርፑን ስለማይፈታ ባለ ሻርፑ ነው የምንለው። እሱም «በአምስት ስድስት ወር ውስጥ ካልተመለስክ ማን ነበር ይሉሃል፤ ቲኬት አትሸጥልኝም» ብሎኛል። እና እባክሽ ሌላ ቁምጣ ስፊልኝ። ያንኑ ቀይ፣ ወገቡ ላይ ያንኑ ነጭ መስመር። የሌላ ሰው ስፌት ለብሼ የቡጢ ቀለበት ውስጥ አልገባም፤ ታውቂኛለሽ። ላስቲኩን ብቻ ጠበቅ።

ፌንጣሽ

*

ጥር 12 ቀን

እቴቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ወይስ ጤና አይደለሽም? አርባ ቀን ሆነኝ እኮ። ፖስታ አመላላሹ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

ጂሙ ተከፍቶልኛል። እየሮጥኩ ነው፣ ገመድ እየዘለልኩ ነው፣ ክብደቴ እየወረደ ነው። ሽማግሌው ብቻ «ጭንቅላትህን ለምን ወደ ግራ ታዞራለህ?» እያለ ይነዘንዘኛል። ልማድ ነው አልኩት። ባለ ሻርፑ ቀን ቆርጧል፣ ግንቦት 9። የምገጥመው ሰው ከአሁን በኋላ ማን እንደምሆን የሚወስን ሰው ነው። ካሸነፍኩት እንደገና ወደ ሻምፒዮናው ቀበቶ ይወስደኛል። ከተሸነፍኩ ዕድሜ ልኬን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ነኝ።

ያልኩሽ ነገር ከፍቶሽ ከሆነ፣ እኔ ጨዋታ አድርጌ ነው የጻፍኩት። እንዲያው ለነገሩ ያህል። አሁን ቁምጣዬን።

ፌንጣ

*

ጥር 30 ቀን

ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? መልሴ የዘገየው ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ሰላም ልልህ ብዬ ብዕር አነሳለሁ፣ ደግሞ አስቀምጠዋለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሱቁን ዘጋሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ለስፖርት የሰፋሁትን አርባ ቁምጣ አስመለስኩና የሁሉንም ላስቲክ በእጄ ሳብኩ። ርዕሰ መምህሩ «ምን ነካሽ? ልጆቹ እኮ አልተቸገሩም» አለኝ። «ልጆቹን የሚመታቸው ስለሌለ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ላስቲክ ያለበት ሥራ አልቀበልም። ሸሚዝ ሲያመጡልኝ እሰፋለሁ፣ ኮት አጠባለሁ፣ ላስቲክ ሲሉኝ «ሌላ ጋ ውሰዱት» እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ የአንድ ሰው ልብስ ከወገቡ ወርዶበት አያውቅም፤ የመጀመሪያው ያሳደግኩት ልጅ ይሁን? ያውም ሕዝብ ፊት፣ ያውም ሰው ሊመታው እጁን ባነሳበት ሰዓት! መኪናው ላይ ስቀመጥ እጄን አላምነውም። እግሬ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጄ ጨርቁን ይይዛል፣ ልቤ ግን የለም።

አዲሱን እሰፋልሃለሁ፣ እምቢ አልልህም። በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። አሮጌውን ቁምጣ ላክልኝ። ልቆጣህ አይደለም፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልየው። ሳላውቀው ብሰፋ ያንኑ ስህተት ደግሜ እሰፋለሁ። ወገብህንም ለክተህ ጻፍ፤ በሜትር ለካ እንጂ በግምት አይሁን።

ይቅር በለኝ።

እቴቴ

*

የካቲት 14 ቀን

ለእቴቴ፤

ምስጋና ይግባውና እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺም ደህና ሁኚልኝ። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። እንደሱ አትሁኚ በይ! አንድ ላስቲክ ነው።

አሮጌው ቁምጣ የለም። ታች ማጠቢያ ቤት ሰጥቼው ጠፋ ተባልኩ። ስለዚህ እሱን ተይው። ወገቤ 76 ነው። ለካሁት።

ቀኑ እየሮጠ ነው እቴቴ፣ እኔም እየሮጥኩ ነው። ጠዋት ስነሳ ልቤ ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ትናንት ሻይ ስቀዳ የፈላውን ውሃ ከብርጭቆው አጠገብ ደፍቼው ግራ እጄን ተቃጠልኩ። ለክፉ አይሰጥም፣ ጓንት ይገባበታል። ሐሳቤ ሁሉ ግጥሚያው ላይ ስለሆነ ነው።

እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ራስሽን ይቅር በይና ቁምጣውን ላኪልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳትዪኝ፤ ቸኩያለሁ።

ፌንጣሽ

*

መጋቢት 6 ቀን

ፌንጣ፤

ዛሬ በሰላምታ አልጀምርም። መጨረሻ ላይ ከተረፈኝ እሰጥሃለሁ።

ፎቶ አንሺው የዚያን ቀን ግጥሚያ ካሴት ከአንድ መርከበኛ ገዛ። «እትዬ፣ አንቺ እንኳ አትችዪውም፣ ይቅርብሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አስራ ዘጠኙን ሁሉ ስታሸንፍ አንዱንም አላየሁም። ይሄን ግን ማየት ነበረብኝ። ቁምጣው ከጠፋ ያለው እዚያ ካሴት ውስጥ ብቻ ነዋ!

መነጽሬን ወልውዬ ቴሌቪዥኑ ስር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶ አንሺው «ምታው! ሽሽ! ኧረ በግራ!» እያለ ይዘላል። «አርፈህ ቁጭ በል፣ ወገቡን ጋረድከኝ» አልኩት። ፊትህን አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግኩ። የሰውየውንም አላየሁም። ከመጀመሪያው ደወል እስክትወድቅ ያየሁት የወገብህን ነጭ መስመር ነው። ከእምብርትህ ሁለት ጣት በላይ ነበር። በሁለተኛው ዙር ያው ሁለት ጣት። በሦስተኛውም ያው። «መልሰው» አልኩት፣ መለሰው። «አሁንም» አልኩት። ስድስት ጊዜ አስመለስኩት። ተዘርረህ ሲቆጠርብህ እንኳ ያ ነጭ መስመር ንቅንቅ አላለም። ግራ እጅህም ወደ ወገብህ አልወረደም። ጉንጭህ አጠገብ ነበር።

ልጄ፣ እኔ ቡጢ አላውቅም። ስፌቴን ግን አውቃለሁ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እኔን ብሎ እናት! ልጄ መሬት ላይ ተዘርግቶ እኔ ላስቲኬ ደህና ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ወር የገዛ እጄን ስጠራጠር፣ እንጀራዬን ስመልስ፣ አንተ «ይቅር ብዬሻለሁ» ትለኛለህ? አንተ ባለጌ! ማነው ማንን ይቅር የሚለው?

ከዚያ በኋላ ግን ፈራሁ። ላስቲኩ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ፊትህን አየሁት። ያ ቡጢ የመጣው በግራህ በኩል ነው። ከሩቅ ነው የመጣው፤ እኔ አሮጊቷ እንኳ ሲመጣ አይቼዋለሁ። አንተ አላየኸውም። ሰው የሚመጣበትን ካየ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንተ አልጨፈንክም። ካሴቱን ወደ እረፍታችሁ አስመለስኩት። አሰልጣኝህ በግራህ ቆሞ ውሃ ያቀብልሃል፣ አንተ እጅህን አትዘረጋም። ትከሻህን ሲነካህ በድንጋጤ ዘለልክ። በሩ ለምን ግራ ትከሻህን ብቻ እንደሚመታህ፣ ውሃው ለምን ግራ እጅህ ላይ እንደተደፋ ያኔ ገባኝ።

እዚህ ፖስታ ውስጥ መርፌና አንድ ክንድ ቀይ ክር አለልህ። ቀኝ ዓይንህን በጨርቅ እሰረውና ክሩን አስገባ። ካስገባህ መርፌውን ከነክሩ ላክልኝ፣ እኔም ቁምጣውን እልክልሃለሁ፤ ቃሌ ነው። ካላስገባህ ቁምጣ የለም። ሁለቱንም ዓይንህን ገልጠህ አስገብተህ ብትልክልኝ ከዚህ ሆኜ በምን አውቃለሁ? እኔ አላውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ።

ሰላምታ ጥቂት ተርፎኛል። ይኸው።

አክስትህ

*

መጋቢት 29 ቀን

እቴቴ፤

ሰላምታ የምልክበት ፊት የለኝም። እግርሽ ላይ ወድቄ እንደምጽፍ ቁጠሪው።

ክሩን ማስገባት አልቻልኩም። ክሩ ይቅርና መርፌውን አላየሁትም። መርፌውን የያዘው እጄ ራሱ ሳሙና ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ከታች በኩል ደግሞ ጥቁር መጋረጃ አለ፣ በየወሩ ከፍ ይላል። የጀመረኝ በዝረራ ከተሸነፍኩበት የቀበቶ ግጥሚያ ሁለት ግጥሚያ በፊት ነው። አንዱ በክርኑ ሲያገኘኝ መብረቅ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ከግጥሚያ በፊት የሚመረምረን ሐኪም «ቀኝ ዓይንህን ሸፍነህ አንብብ» ሲለኝ በጣቶቼ መሃል እያየሁ አነበብኩለት። «ጎበዝ» አለኝ።

አንቺ «ልክህ ነበር?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በር የከፈትሽልኝ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ብል አለቀልኝ። ላስቲክ ግን ይቀየራል። እየጻፍኩት ራሴም አመንኩት። ከሁሉ የባሰው እሱ ነው። አንቺ እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። ውሸት፤ ጥር ላይ ስትጽፊልኝ አውቄያለሁ፣ አውቄም ዝም አልኩ።

ሁሉንም ልንገርሽ። ሁለቱን ዓይኔን ገልጬ ክሩን በአንዴ አስገባሁት። ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፣ አድራሻሽን ጻፍኩ፣ ፖስታ ቤት ተሰለፍኩ። ሦስት ሰው ሲቀረኝ ወጣሁ። ጂም ሄጄ ክሩን ነቀልኩና አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ቀኝ ዓይኔን በእጅ መጠቅለያው አስሬ እንደገና ሞከርኩ። ሽማግሌው ከየት መጣ ሳልለው ከፊቴ ቆሟል። «ምን እየሠራህ ነው?» አለ። «አክስቴ አዝዛኝ ነው» አልኩት። መርፌውን አየ፣ የታሰረውን ዓይኔን አየ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። ነገርኩት። በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ሰደበኝ፤ ሽማግሌው አምስት ቋንቋ ያውቃል። ከዚያ ከጎኔ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ። የግንቦቱ ግጥሚያ ቀርቷል። ነገ ሆስፒታል ይወስደኛል።

ቁምጣው አልጠፋም። ፍራሼ ስር ነበር። ይኸው በዚሁ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ላስቲኩ እንደ አዲስ ነው።

*

ሚያዝያ 16 ቀን

ለልጄ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለሽማግሌውም ይሁን። በአምስት ቋንቋ ስለሰደበልኝ ፈጣሪ ይስጥልኝ።

ቁምጣውን ሳብኩት፤ ቀጥ! ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ «ሳብና እየው» እላለሁ። ፎቶ አንሺው በቀን ሦስት ጊዜ ይስባል፤ እንዳያላላብኝ ፈርቻለሁ። የትምህርት ቤቱንም ሥራ መልሼ ይዣለሁ።

ግማሹን ይቅር ብዬሃለሁ። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ዓይንህን ስትታከም አያለሁ። ዓይንህን ሲከፍቱት ማን አጠገብህ ይቀመጣል? መምጣት ብችል ስፌቱን በጀመርኩበት ጥዬ እመጣ ነበር። ሐኪሙን ጎበዝ አስባልከው አሉ፤ አሁን ደግሞ ጎበዝ ሳትባል እውነቱን ንገረው። ስለ ቁምጣ አታንሳብኝ፤ መጀመሪያ ዓይን።

እቴቴ

*

ሐምሌ 5 ቀን

ለውዷ እቴቴ፤

በሁለት ዓይን እያየሁ ሰላም ብዬሻለሁ! መዘግየቴ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ቀና ብዬ እንዳልጽፍ ተከልክዬ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ዓይንህ እንዲጠገግ ሁለት ሳምንት በግንባርህ ተደፍተህ ተኛ! ፌንጣን በሆዱ አስተኙት! ያየሁት ነገር ቢኖር ወለልና ጫማ ነው። ነርሶቹን በጫማቸው ነበር የምለያቸው፤ ባለ ነጭ ሸራዋ ደግ ናት፣ ባለ ተረከዟ መርፌ ይዛ ነው የምትመጣው። ሽማግሌው በየቀኑ መጥቶ ወለሉ ላይ ጋደም ብሎ ጋዜጣ ያነብልኝ ነበር። የማይጠቅም ወሬ ሳይቀር ያነባል።

አሁን ተመልከቺ። እዚህ ፖስታ ውስጥ መርፌሽ አለ፤ ክሩ ገብቷል። ቀኝ ዓይኔ ታስሮ፣ በግራ ዓይኔ ብቻ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሽማግሌው ምስክሬ ነው፤ መሃል ላይ «ተወው በቃ፣ እኔ ላስገባልህ» እስኪል ድረስ።

እንግዲህ ቃልሽን እጠይቅሻለሁ። ሐኪሙ «ዓይንህን ለማየት ጠገንኩት እንጂ ለመመታት አልጠገንኩትም፤ እኔ አልፈርምልህም» ብሏል። ባለ ሻርፑ ግን በሌላ ከተማ ጳጉሜ 3 ግጥሚያ አለኝ ይላል፤ እዚያ ስለ ዓይን የሚጠይቅ የለም፣ ሚዛን ላይ ከወጣሽ ያስገቡሻል። ሽማግሌው ይሄን ሲሰማ አኩርፎኛል። «እዚሁ ጂም ሥራልኝ፤ ልጆቹን አሠልጥን፣ እጃቸውን ጠቅልል» ይለኛል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ እቴቴ! የሌላ ሰው እጅ ስጠቀልል ልኑር? አንድ ጊዜ ብቻ፣ እያየሁ ልግጠም። ያን ቀን ሳላይ ነው የተሸነፍኩት። ሳይ ማን እንደሆንኩ ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም። ካፈርኩ አይመልሰኝ በይው።

ወገቤ 76 ነው።

ፌንጣሽ

*

ነሐሴ 3 ቀን

ለልጄ ለፌንጣዬ፤

ዓይንህ እንዴት አደረች? ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታዬ መጀመሪያ ለእሷ ነው፤ አንተ ቀጥለህ ትመጣለህ።

መርፌው ደረሰኝ። አምኜሃለሁ። የክሩ ጫፍ ተልሶ ተልሶ ተበልቷል፤ በሁለት ዓይኑ ያስገባ ሰው ክር አያኝክም። ክሩን ሳላወጣ ትራሴ አጠገብ ሰክቼዋለሁ። የቀረውን ግማሽ ይቅርታ ያን ጊዜውኑ ሰጥቼሃለሁ። ብትገጥምም ባትገጥምም ያንተ ነው።

ቃሌንም አልበላም፤ ቁምጣው ይኸው። ቀይ ነው፣ ነጭ መስመር አለው፣ ላስቲኩ ጠበቅ ያለ ነው። 76 ነው አልከኝ። ይህን ያህል ጊዜ የተኛ ሰው 76 የሚሆነው ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው። በ84 ሰፍቼዋለሁ።

ምክር አልሰጥህም። ምክር ብትሰማ ኖሮ ፌንጣ አትባልም። ፈርቻለሁ ግን። ይሄን ሳልነግርህ ብቀር ያንተን ያህል ዋሸሁ ማለት ነው። ዓይነ ስውር ሆነህ ስትመጣ በሕልሜ አይቼ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። ፎቶ አንሺውን ያለ ጥፋቱ ሰደብኩት።

አንድ ነገር ብቻ። በቀኝ በኩል ኪስ ሠርቼበታለሁ። ረስቼ አይደለም። ዳኛው ኪስ ይዞ ቡጢ የለም ማለቱን አውቃለሁ። ኪሱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ምላጭ አለልህ፤ መተርተር ድሮም ታውቅበታለህ። ኪሱን በመኪና አልሰፋሁትም፤ በእጄ ነው፣ ጥቅጥቅ አድርጌ። ስለዚህ ስፌቱን አንድ በአንድ ነው የምትቆርጠው። በግራ ዓይንህ እያየህ ቁረጠው።

ካሴቱን አልፈልግም። የሆነውን አንተው ጻፍልኝ።

እቴቴ

*

መስከረም 9 ቀን

ለእቴቴ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ዓይኔ ደህና ናት፤ ሰላምታሽን ነግሬያታለሁ።

ጳጉሜ 3 ሄድኩ። ልብስ መቀየሪያው ጠባብ ክፍል ነው፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና የማይዘጋ ቧንቧ አለው። ሽማግሌው አልመጣም። ባለ ሻርፑ ደጅ ቆሞ «አስር ደቂቃ!» ይላል። ሰዉ ከግድግዳው ወዲያ ያጉራል። እግሬ ብቻውን መዝለል ጀመረ። ቁምጣውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ምላጩን አወጣሁ።

የመጀመሪያውን ስፌት ቆረጥኩ። ሁለተኛውን። እንዴት አድርገሽ ነው የሰፋሽው በፈጣሪ! ስፌቱ የጤፍ ፍሬ ነው የሚያክለው። ጎንበስ ብዬ፣ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በግራዬ አየሁት። እያንዳንዱን አየሁት እቴቴ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ስፌቷ ትንሽ ጠመም ብላለች፤ አጠገቧ ጥቁር ነጥብ አለች። ጣትሽን ወግተሽው ነው። ነጩ ገበር ላይ ሳይታጠብ የቀረ ደምሽ ነው። የአሸዋ ቅንጣት አታክልም። በፊት ቢሆን አላያትም ነበር።

ባለ ሻርፑ «አምስት ደቂቃ!» አለ። ያቺን ነጥብ እያየሁ ቆየሁ። አንድ ቡጢ ብትገባ ይቺን አላይም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ምላጩን በወረቀቱ ጠቅልዬ መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።

ስወጣ ባለ ሻርፑ ሻርፑን ፈትቶ ወረወረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን አየሁት። «አሁን ከወጣህ እንደገና አትመለስም!» አለኝ። በአውቶቡስ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። አልዋሽሽም፤ ቆጭቶኛል፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ደወል ስሰማ እግሬ ይነሳል። ሽማግሌው «ይለቅሃል» ይለኛል። «አንተን ለቀቀህ?» አልኩት። «እኔን አይደለም ያልኩት፣ አንተን ነው» አለኝ።

ጂም ውስጥ ሥራ ጀምሬያለሁ። የጀማሪዎቹን እጅ እጠቀልላለሁ፣ ጥቅልሉ ሲዛነፍ ከሩቅ ይታየኛል። የምለብሰው ያንቺን ቁምጣ ነው። ወገቡ ልክ ነው፤ 84 ነኝ፣ ይኸው አመንኩልሽ። ኪሱ ግን ዘጠኝ ስፌት ስለተቆረጠበት ያፈሳል፤ ትናንት የጂሙን ቁልፍ ጣለብኝ፣ ሁላችንም ደጅ ቆመን ቀረን።

እባክሽ ያንን መርፌ ላኪልኝ። ክሩን እንዳታወጪው። እኔው እሰፋዋለሁ።

ፌንጣሽ